የማይቀልጥ ሰም

ማሽላው ደርሷልና ወፉ ይበረታል፣
እኔ ማማ ስውል በሬን ማን ይመታል?

ይህ ግጥም የማንም አዝማሪ አይደለም። የእጅ ሥራውን ለማሳየት ያህል ለዚሁ ጽሑፍ የተሰናኘ ነው። በሰርግ ዳስ የተባለ ስንኝ የተነካበት ሰው አለው፤ ያን ሰው እዚህ ድረስ መጎተት አያስፈልግም። የአሠራሩ ደንብ ግን በሰሜን ወሎ፣ በግራና፣ በመርሳና በወልዲያ ዳሶች የሚሰማው ነው። ነገሩ የሚስት ውሽማ ነው። ሚስት ወይም ውሽማ የሚል ቃል ግን በሁለቱ ስንኞች ውስጥ የለም። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ስንኙን አዟዙሮ ማየት ይቻላል።

በመጀመሪያ ልኩ። እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ መሐል ላይ 6 በ6 ይከፈላል። «ማሽላው ደርሷልና» 6፣ «ወፉ ይበረታል» 6። «እኔ ማማ ስውል» 6፣ «በሬን ማን ይመታል» 6። የግጥም መምህራን ይህን ልክ የወል ቤት ይሉታል። ሰንጎ መገን 5 በ5፣ ቡሄ በሉ 4 በ4 ይሄዳሉ። አዝማሪው ቀለሙን በጣቱ አይቆጥርም፤ የማሲንቆው ምት ይቆጥርለታል። አንድ ቀለም ቢተርፍ ደጋኑ ይደናቀፋል፤ ቢጎድል ድምፁን ስቦ ይሞላዋል። መጉደሉ ስለዚህ ይታለፋል፤ መትረፉ ነው የማይታለፈው።

ልኩ የበላውን ማየትም ደግ ነው። በተራ ንግግር «ማማ ላይ ስውል» ነው የሚባለው። «ላይ» ከገባ 7 ይሆናል፤ ስለዚህ ወጥቷል። ይህ ለሰሚው እንግዳ አይደለም። በግጥም መስተዋድድ እንደሚጣል ጆሮው ለምዷል። ይህችን የ«ላይ» መውጣት እንያዛት፤ ከታች ትፈለጋለች።

ቀጥሎ ሰሙ። ሰሙ የገበሬ ስሞታ ነው። ግራና በሀብሩ ወረዳ፣ የቆቦ ግራና ሸለቆ እየተባለ በሚጠራው ቆላማ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማሽላ የዚህ አገር ዋና እህል ነው፤ በዚያው ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከሚደክምባቸው ሰብሎች አንዱ እሱ ነው። ማሽላ ራሱ ሲሞላ ወፍ ይወርድበታል። ስለዚህ ማማ ይሠራል። ማማ በቋሚ እንጨቶች ላይ የተረበረበ መቀመጫ ነው፤ ከአገዳው ራስ ከፍ ይላል። ጠባቂው ወንጭፍ ይዞ ይወጣል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ይጮኻል። ጎሕ ሲቀድ ይወጣና ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል፤ ወፍ ሌሊት አይበላምና።

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ደግሞ ማሽላው ሳይታጨድ ሌላ ማሳ ላይ በሬ መጥመድ ይኖርበታል። ሁለት ሥራ በአንድ ቀን ወድቆበታል፤ ሰው አንድ ነው። «እኔ ማማ ስውል በሬን ማን ይመታል?» ማለቱ እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉም አለው። ጅራፍ ይዞ በሬውን የሚነዳለት ሰው የለውም። ስንኙን ከዳሱ አውጥታችሁ ለአንድ የግራና ገበሬ ብትነግሩት ራሱን ይነቀንቃል፤ ከስሞታ በቀር ሌላ ነገር አይፈልግበትም።

ሰም የሚመዘነው በዚህ ነው። ያለ ወርቁ ብቻውን መቆም አለበት። ብዙ ስንኝ የሚወድቀው ወርቁ ስለሚደበዝዝ አይደለም። ሰሙ ስለሚሳሳ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ ከሁለተኛው ጋር ሳይዛመድ የተወረወረ ከሆነ፣ ሰሚው ወዲያው ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። ጠርጥሮ የሚያገኘው ወርቅ ደግሞ ሳያስብ ከደረሰበት ወርቅ ያነሰ ነው።

አሁን ሰሙና ወርቁ የሚገናኙበት መጋጠሚያ። በግጥሙ ውስጥ የሚታጠፈው ቃል አንድ ነው፤ «በሬን»። «ር» ሲላላ በሬው የሚታረስበት እንስሳ ነው። «ር» ሲጠብቅ የቤት በር ነው፤ «የኔ በር» ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው። በቀለም ቆጠራም አንድ ናቸው፤ ላልቶም ጠብቆም ሁለት ቀለም ነው። ልኩ ስለዚህ አይነቃነቅም። የሚለወጠው «ር» ላይ የሚያርፈው ጫና ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ አዝማሪው በደጋኑ ምት ሊሸፍነው ይችላል። ላላ ብሎ ይጀምርና፣ ሲደግመው ትንሽ ያጠብቀዋል። ስንኝ በዘፈን ሁለት ጊዜ መባሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ሰሙ፣ ሲደገም ወርቁ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ሥራ አለ። «የኔ በሬ» ለማለት በትክክል «በሬዬ» ነው የሚባለው፤ «በሬዬን ማን ይመታል» መሆን ነበረበት። «ዬ» ብትገባ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። ቀለሙ 7 ይሆናል፤ በሩም ይጠፋል፤ «በሬዬ» በር ሊሆን አይችልምና። አዝማሪው «ዬ»ን የጣላት ለበሩ ሲል ነው። ሰሚው ግን ለልኩ ሲባል የተጣለች ይመስለዋል፤ ምክንያቱም «ላይ» ገና በዚያው ስንኝ መጀመሪያ ላይ በዚሁ ምክንያት ተጥላለች። የመጀመሪያዋ መጣል ሁለተኛዋን ትሸፍናታለች። ሁለቱን በአንድ ስንኝ ውስጥ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ዕድል አይደለም።

ቃሉ የተናጋሪውንም ማንነት ወስኗል። «በሩን» ቢባል በሬው የለም። «በርሽን» ቢባልም የለም። በሬና በር የሚገናኙት በሩ «የኔ» ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር መናገር የሚችለው ባልየው ብቻ ነው። አዝማሪው ጎረቤት ሆኖ ሊያሽሟጥጥ አይችልም፤ መጋጠሚያው የባልን አፍ አስገድዶታል። ባል ስለ በሬው እያማረረ ሳያውቅ ቤቱን ይገልጣል። ግጥሙን የሚያስቅ የሚያደርገው ይህ «ሳያውቅ» ነው፤ ከሰዋስው የመጣ ነው።

«ይመታል» የማጠፊያው ረዳት ነው። በሬ በጅራፍ ይመታል፤ በር በእጅ ይመታል። አንድ ግስ ሁለቱን ያለ ማስመሰል ይሸከማል። «ከፈተ» ቢባል ለበሬ አይሆንም፤ «ጠመደ» ቢባል ለበር አይሆንም። ጊዜውም እንዲሁ። «ማን ይመታል» ገና ለሚሆነውም፣ ዘወትር ለሚሆነውም ይሠራል። በሰሙ ጥያቄው መልስ የለውም፤ የሚነዳ ሰው ጠፍቷል። በወርቁ ጥያቄው መልስ አለው፤ አንድ ሰው እየመጣ ነው። አንድ የጥያቄ ምልክት በአንድ በኩል «ማንም»፣ በሌላ በኩል «እገሌ» ያስመልሳል። በሥራው ቋንቋ ስንኝ ሲገጥም ቤት መታ እንደሚባል ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሌላ አማራጭ ነበረ። ወፉን በጃርት፣ «ስውል»ን በ«ሳድር» መለወጥ ይቻላል፤ «ማሽላው ደርሷልና ጃርቱ ይበረታል፣ እኔ ማማ ሳድር በሬን ማን ይመታል»። ቀለሙ አንድ ነው። ጃርት ሌሊት ይበላልና ማማ ላይ ማደሩም ልክ ነው። ወርቁም ይበልጥ የለመድነው ይመስላል፤ ውሽማ የሚመጣው በማታ ነው። ነገር ግን በሬ ሌሊት ማን ይነዳል? ሰሙ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። የገበሬው ስሞታ ስሞታነቱ ይቀራል፤ ሰሚው ከመጀመሪያው ድግግሞሽ በፊት በሩን ያገኘዋል። በቀን ሲሆን ወፉም፣ በሬውም፣ ማማውም በሥራ ሰዓታቸው ላይ ናቸው። ወርቁ ደግሞ ከመድከም ይልቅ ይከፋል፤ ሰውየው በጠራራ ፀሐይ በር እየመታ ነው። ሰሙን ለማጽናት የተደረገው ምርጫ ወርቁንም አከበደው። ጥሩ መጋጠሚያ ላይ አንዱን ወገን ሲያስተካክሉ ሌላው አብሮ ይገባል።

አዝማሪ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ይዞራል፤ ወንዱ ማሲንቆውን ይይዛል፣ ሴቷ ታዜማለች። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። ስለዚህ መልስ አለ። መልሱም ለማሳያ ይኸው፦

በሬህን የመታው የለም ሌላ ሴራ፣
ለኔማ ነው እንጂ ተራ ባልንጀራ።

መጀመሪያ የሚታየው የምትመርጠው ቃል ነው። «በሬህን» አለች። «በርህን» አላለችም። «በሬህ» በር ሊሆን አይችልም፤ እንስሳው ብቻ ነው። ባል ሁለት አፍ ባለው ቃል ጠየቀ፤ እሷ አንድ አፍ ባለው መለሰች። ስለ በር የተነሳ ነገር እንደሌለ አድርጋ ወደ ማሳው መለሰችው። ዳሱ ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ የሚፈነዳው እዚህ ነው። ሴትየዋ ሰሙን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

ከዚያ የመጨረሻው ግማሽ ስንኝ ይመጣል፤ «ተራ ባልንጀራ»፣ 6 ቀለም። በሰሙ፦ በሬህን የነዳው ሰው እንዲሁ ተራ ጓደኛ ነው። በወርቁ ቃሉ ይከፈላል፤ ባል፣ እንጀራ። «እንጀራ» ሲፈጥን «እ» ትዋጣለች፤ ስለዚህ «ባልንጀራ» እና «ባል እንጀራ» በጆሮ አንድ ናቸው። ስንጥቁ የማይታይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው «ተራ» ደግሞ አብሮ ይዞራል። በሰሙ «ተራ» መናኛ ማለት ነው። በወርቁ ወረፋ ነው፤ ተራ ባል፣ የተራ ባል። በመስኖ አገር ተራ የሚለው ቃል ክብደት አለው። ውሃ በተራ ይጠጣል፤ ተራውን የሚያልፍ ሰው ይከሰሳል። ሰሚው ማን በማን ተራ እንደገባ ለማሰብ ሌላ እርዳታ አይፈልግም። «እንጀራ» ኑሮ ነው፤ የምትበላውን የሚያመጣላት ያኛው እንደሆነ ተናግራ ዘጋችው። ባልየው እዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ቢያነሳ እሷ ስለ ጓደኛ ነው የተናገረችው።

የመጀመሪያው ግጥም መጋጠሚያ መጥበቅና መላላት ነው። የሁለተኛው ቃል መክፈል ነው። አንዱ በድምፅ ጫና ይሠራል፣ ሌላው በፍጥነት። አንዱን ቀስ ብሎ ማለት ይሻላል፣ ሌላውን ማስሮጥ። ጥያቄና መልስ በአንድ ዓይነት ማጠፊያ ቢሠሩ ኖሮ ሰሚው ሁለተኛውን ሳያልቅ ይቀድመው ነበር።

መሣሪያውም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ማሲንቆ አንድ ክር አለው። ሣጥኑ ከአራት ሳንቃ ይገጠማል፤ ማዕዘኑን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጎ ይቆማል። ቆዳ ይወጠርበታል። አንገቱ ከሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ብዙ ፀጉር በአንድነት ተጠቃሎ ከታች ታስሮ፣ በብርኩማ ላይ አልፎ፣ ከላይ መቃኛው ላይ ይጠመጠማል። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ እንዳይንሸራተት ሙጫ ወይም እጣን ይታሻል። ፀጉር በፀጉር ላይ ይሄዳል፤ ሻካራ ድምፁ ከዚያ ነው።

ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ክሩ ከአንገቱ ርቆ ነው የሚያልፈው፤ ጣት ከጎን ይነካዋል። ስለዚህ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል እንጂ አይዘልም። የሰው ጉሮሮም እንዲሁ ነው። ማሲንቆው የዘፋኙን ዜማ እግር በእግር እየተከተለ «ር» መጥበቋን ሊያጎላት ወይም ሊውጣት ይችላል። ሌላው ጥቅሙ ጊዜ ነው። በስንኝና በስንኝ መሐል ክሩ ብቻውን ይናገራል። በዚያ ክፍተት ሰሚው ይፈታል፤ አዝማሪው ቀጣዩን ያሰናኛል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየሠሩ ነው።

ቅኝቱም ይመረጣል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ሌሎቹ ትዝታና አንቺሆዬ ናቸው። አምስቱ ድምፆች በአምባሰል ሲደረደሩ ሁለተኛው ከመነሻው በግማሽ እርከን ብቻ ይነሳል፤ ከዚያ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ያ ጠባብ እርከን እንጉርጉሮ ይጠራል። አምባሰልን በዝግታ መዝፈን ምን እንደሚመስል በወሎዋ ማሪቱ ለገሰ ድምፅ መስማት ይቻላል። የውሽማ ስንኝ በዚያ ዝግታ አይኖርም። ፈጣኑን የችክችካ ምት ይፈልጋል። ሰሚው ሰሙን ጨብጦ ሳያበቃ ቀጣዩ መምጣት አለበት። ሐዘን ሰሚን ያቆየዋል፤ ቀልድ ሊያቆየው አይገባም።

አንድ ሌላ አሠራር አለ፤ «ተቀበል» የሚባለው። ከዳሱ አንዱ ይነሳል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይጥላል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። አንዳንዱ ጮክ ብሎ ይላል፤ ነገር ያለው ሰው ግን ወደ አዝማሪው ጆሮ ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል፣ ብሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ይመለሳል። አሁን ስንኙ የማን ነው? ያለው ሰው አልዘፈነውም። የዘፈነው ሰው አላለውም። የተነካው ሰው ደግሞ ስሙ አልተጠራም። ሦስቱም በአንድ ዳስ ተቀምጠው አብረው ያጨበጭባሉ። አዝማሪው የሰውን ስንኝ ሲቀበል ልኩን ያስተካክላል፤ 13 ሆኖ የመጣውን 12 አድርጎ፣ የሾለውን አድበልብሎ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚያድበለብለው ሰሙን ነው።

ይህ የጥንቃቄ ሥራ ያለ ምክንያት አይደለም። ምንዝር ዛሬም የሕግ ነገር ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 በተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ዱላ አለ። በዳስ ውስጥ የሚባል ነገር በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ሊነሳ ይችላል። ስንኙ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ መቆም አለበት። «ምን አልክ?» ሲባል «ስለ ማሽላዬ አልኩ» ማለት የሚያስችል መሆን አለበት።

በዚሁ ነገር ላይ ሌላ አገር ሌላ አሠራር ነበረ። ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የባለትዳሮችን መማገጥ የሚያወሩ ዘፈኖች በአንድ ወገኑ ብቻ በታተመ ወረቀት ላይ ወጥተው በአደባባይና በገበያ ይሸጡ ነበር። ዋጋው አንድ ፔኒ ገደማ ነበር። የዜማ ምልክት አይታተምም፤ ከርእሱ ሥር «በዚህ ዜማ ይዘፈን» ተብሎ የታወቀ ዘፈን ስም ይጻፋል። ከላይ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ይታተማል፤ አንዱ ቅርጽ ለብዙ ዘፈን ያገለግላል። ሳሙኤል ፒፕስ የሰበሰባቸው ከ1,800 በላይ የሚሆኑ በዚህ መንገድ የታተሙ ዘፈኖች ዛሬም በካምብሪጅ ሞድሊን ኮሌጅ ይገኛሉ።

እዚያ የተማገጠበት ባል ምልክት አለው፤ ቀንድ። ሥዕሉ ላይ ራሱ ላይ ቀንድ በቅሎ ይታያል፣ ግጥሙም ቀንዱን ይጠራል። ነገሩ ከመነገሩ በፊት ታውቋል። የእጅ ሥራው ያለው በመደበቅ ላይ ሳይሆን በመደርደር ላይ ነው። ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባሳተመው ስብስብ 274 ተብሎ የተቆጠረውን ብንወስድ፣ ባል ወደ ቤቱ ሲመለስ የሌላ ሰው ፈረስ ያገኛል፤ ሚስቱ የምትታለብ ላም ናት ትለዋለች። ከዚያ ሌላ ዕቃ፣ ከዚያ ሌላ ሰበብ፤ በመጨረሻ ወደ አልጋው ይደርሳል። ሰሚው መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያውቃል። ደስታው እያንዳንዱ ሰበብ ከፊተኛው በስንት እንደሚብስ መመዘን ነው። እንደ ደረጃ የተሠራ ነው፤ ደረጃዎቹ እኩል መሆን አለባቸው።

ሕግ እዚያም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1650 ፓርላማው ባለትዳር ሴት ያለባትን ምንዝር በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ፤ የንጉሥ አገዛዝ በ1660 ሲመለስ ሕጉ ቀረ። ዘፈኑ ግን አልቀረም። የእንግሊዙ ወረቀት የሚሸጠው ለማያውቁት ሰው ነው፤ ባሉ በአካል የለም። ስለዚህ ግልጽ መሆን ይችላል። የግራናው ስንኝ የሚባለው ባሉ በተቀመጠበት ነው። ስለዚህ ብዙ ደረጃ የለውም፤ 24 ቀለም ነው ያለው፣ ከነዚያም ውስጥ የሚታጠፈው ሁለቱ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተተወው ባዶ ቦታ ወርቅ ይፈስሳል። ከሰሜን ወሎ ደጋ የወጣው የዋድላ ቅኔ ቤትም፣ እንደ ጎንጅና ዋሸራ ቅኔ ቤቶች ሁሉ፣ ሰምና ወርቅን በዚሁ ስም ያስተምራል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሱም ሁለት ቤት ነው። መምህሩ ፊት ሲቀርብ ሰሙ ይገለጣል፣ ወርቁ ይነገራል። የቅኔው ጉዳይ ወርቁ ነው፤ ሰሙ መሸጋገሪያ ነው።

በአዝማሪው ሥራ ግን ሰሙ አይቀልጥም። ሰሚው ወርቁን ካገኘ በኋላም ሰሙ እንዳለ ይቆማል፤ እንዲያውም ዋናው ሥራው ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ባልየው አብሮ እንዲስቅ ያስችለዋል፣ ሴትየዋ ቀና ብላ እንድትቀመጥ ያስችላታል፣ አዝማሪው በማግስቱ በዚያው መንገድ እንዲያልፍ ያስችለዋል። ወርቅ አግኝቶ ሰም የጣለ አንጥረኛ ሥራውን ጨርሷል። ሰም የጣለ አዝማሪ ዳሱን አፍርሷል።

ለዚህም ይመስላል ይህ ሥራ በሸክላና በካሴት ላይ ሙሉ በሙሉ የማይገኘው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ራሳቸው በስንኝ ጨዋታ የታወቁ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ከእኛ ሰው ቀዳሚው እሳቸው ናቸው። ሸክላ ዜማ ይይዛል፣ ቃል ይይዛል። ባልየው ሲሰማ ማንን እንዳየ አይዝም። በሬው በር መሆኑን ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ በዚያች ቅጽበት ዳሱ ወዴት እንደዞረ ነው። የዳስ ስንኝ ከግማሹ በላይ የሚገጣጠመው በሰሚው ነው፤ አዝማሪው ለዚያ ግማሽ ቦታ ይተዋል።

ይህን ሥራ ለመመዘን ሦስት ነገር ይበቃል። ሰሙን ለብቻው ለማያውቅ ሰው መንገር፤ ቆመ ወይስ ወደቀ? የሚታጠፈውን ቃል በሌላ ተመሳሳይ ቃል መተካት፤ ወርቁ ካልጠፋ መጋጠሚያው እውነተኛ አልነበረም። ሦስተኛው ስም ማስገባት ነው። «እገሌ» ለማለት ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ያስፈልጋል፤ ከ24ቱ ውስጥ ግን የተረፈ ቀለም የለም። ማሽላው ቢወጣ ወፉ መምጫ ያጣል። ማማው ቢወጣ ባልየው ቤት ይቀራል። በሬው ቢወጣ ነገሩ አለቀ። ስም ማስገባት የፈለገ አዝማሪ አንድ ነገር ማውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ከሰሙ ነው።